ሰርፕለስ ከሚለው ዓምድ ሥር

ሞጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለሣህለ ማርያም፣

ሰላምታዬ ዘግይቶ ስለሚደርስህ ይቅርታህን እለምናለሁ። በሹፌሩ በጓዴ መኪና የላክኸው ወረቀት ከደረሰኝ አምስት ቀን አልፎታል። ጠረጴዛ ስላልነበረኝ ነው የዘገየሁት። አሁን አንድ ሣጥን ገልብጬ እየጻፍሁ ነው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ሣጥኑን ውቀስ።

«በደህና ገባሽ ወይ?» ላልኸው፣ ገባሁ። መኪናው ከደብረ ወርቅ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቆመ። ጓዴ ጎማ ሲቀይር እኔ መጻሕፍቴን ታቅፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። «መምህርት፣ መሬት ብታስቀምጫቸው ማንም አይወስድብሽም፤ የዚህ አገር ሌባ ጂኦግራፊ አይፈልግም» አለኝ። ከቢቸና ከወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ቤት አግኝቻለሁ። አከራዬ እትዬ ይርጋነሽ ይባላሉ፤ ጥጥ ሲፈትሉ የሚውሉ፣ ምላሳቸው ከእንዝርታቸው የሚፈጥን ሴት ናቸው። «ትምህርት ከተከፈተ በኋላ መምህር የሚዛወረው ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፋሁም፤ ትርፍ ነሽ ተብዬ ነው» አልኋቸው።

«ከምን የተረፍሽ? ሰው ከወረርሽኝ ይተርፋል፤ ከሥራ ይተርፋል እንዴ!»

በትምህርት ቤቱም ወሬው ቀድሞኛል። አካለ ወልድ የሚባል የታሪክ መምህር በመጀመሪያው ቀን መምህራኑ ሁሉ ባሉበት «ትርፍ ቤትንስ ቀበሌ ይረከበዋል፤ ትርፍ መምህርን ማን ነው የሚረከብ?» አለ። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በማግሥቱ የራሱን ወንበር አመጣልኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ማኅደሬን የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፊቴ ሲከፍተው ውስጡ ያለውን የእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ አየሁት። ከስሜ ጎን «ሰርፕለስ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን እኔ ስለ እህል ሳስተምር ብቻ ነው የማውቀው። አንተ የእንግሊዝኛ መምህር ነህና ትክክለኛ ትርጉሙንና አጠቃቀሙን ንገረኝ። ሁለተኛ፣ ያን ሠንጠረዥ የሞላው ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ?

ለጥር የቆረጥነውን የሠርግ ቀን ሳስብ ጣቶቼ ይቆጥራሉ። ሽማግሌዎችህ አማኑኤል ሄደው ከአባቴ ቃል ከተቀበሉ ገና ሁለት ወራቸው ነው። የአባትህን የአባባን ጉልበት ሳምልኝ።

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ጥቅምት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባንቺዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አለን፤ እንዳለን መጠን። አባባ ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ደብዳቤሽን እኔ ነኝ ያነበብሁላቸው። ቅኔ ሊቀበሉ የመጡትን ተማሪዎች አስቁመው ሰሙኝ። የሣጥኑ ነገር ላይ ስደርስ «ጠረጴዛ ይሠራላት» ብለው አዘዙ። ታዟል።

ስለ ቃሉ። መዝገበ ቃላት ገልብጬ ብቻ አልመልስልሽም፤ አጠቃቀሙን ብለሻልና። «ሰርፕለስ» ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። ትርጉሙ የሚያስፈልገው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የቀረ ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን አይቆምም። «ከምን በላይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለዋል። አሥር ቁና የሚበቃው ቤት አሥራ ሁለት ቁና ቢገባለት ሁለቱ ሰርፕለስ ነው። ያው ሁለት ቁና ሌላ ቤት ቢገባ እራት ይሆናል። ስለዚህ ቃሉ ስለ እህሉ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው።

ጎረቤቶቹን ደግሞ ለይተሽ እወቂ። «ኤክሰስ» ከልክ ማለፍ ነው፣ ወጥ ላይ እንደ በዛ ጨው። «ሱፐርፍሉየስ» ጭራሽ የማያስፈልግ ነው፤ ንቀትም አለበት። «ስፔር» ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው፤ ጓዴ ስኮርታ የሚለው ጎማ። ሰርፕለስን እንግሊዞች ለእህል፣ ለጨርቅ፣ ለሠራዊት አሮጌ ካፖርት ይሉታል። ለሰው ሲባል የምታገኚው በቢሮ ወረቀት ላይ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን በተመለከተ፣ ቅጹ ከክፍለ ሀገር መጣ፣ ተሞላ፣ ዳይሬክተሩ ወልደ ኪዳን ፈርሞበት ሄደ። የወረቀት ነገር እንዲህ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የሣልሽው የዓባይ ካርታ እንዳለ ነው። ልጆቹ ከደጀን ታች ያለውን ድልድይ በቀይ ቀቡት። እየገባሁ አየዋለሁ፤ እዚያ ክፍል የምገባበት ክፍለ ጊዜ ግን የለኝም።

ሣህለ ማርያም


ሞጣ፣ ኅዳር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለሣህለ ማርያም፣

ጠረጴዛው ደረሰ፤ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ተሰብሮ ጓዴ በሽቦ አስሮታል። አባባን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ይህን የምጽፈው እሱ ላይ ነው።

«ብርዱ እንዴት ነው?» ላልኸው፣ ጠዋት ጠዋት ጠመኔው ከጣቴ ይወድቃል። «ልጆቹስ?» ላልኸው፣ ጎበዞች ናቸው፤ እንደዚህ የሚጠይቁ ልጆች ቢቸና አላጋጠሙኝም። ባለፈው ሳምንት ጎጃም ሰርፕለስ እህል ከሚያመርቱት ክፍላተ ሀገር አንዱ ነው ብዬ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ ታዲያ የእኛ ጎተራ ለምን ባዶ ሆነ?» አለች። ያንተ ትርጉም አፌ ላይ መጣና «ከምን በላይ? ብለሽ ጠይቂ» አልኋት። ከዚያ የተናገርሁትን ሰምቼ ደነገጥሁ፤ ቶሎ ብዬ ወደ ወንዞች ተሻገርሁ። ካሁን ወዲያ ትርጉም ስትልክልኝ ለክፍል የሚሆነውን ለይተህ ላክ።

ስለ ስኮርታ ለጓዴ ነግሬዋለሁ። «ያለ ስኮርታ ዓባይን የሚወርድ ሹፌር እናቱ ያልመከረችው ነው» አለኝ። ከሁሉ ቃላትህ የወደድሁት እሱን ነው። ሰው የሚያስቀምጠው መኪናው ላይ ነው፤ ጥሎት አይሄድምና።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መንገዱ ዳር ቆሜ ወደ ቢቸና የሚሄደውን አቅጣጫ አየዋለሁ። ጂኦግራፊ መምህር ስለሆንሁ አቅጣጫውን አልስትም፤ ጥቅሙ ግን ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን ወረቀቱ እንዴት እንደ ሄደ ነገርኸኝ እንጂ አልመለስኸውም። ማን ሞላው? አንድ ጊዜ ደግሜ ጠየቅሁህ። ሦስተኛ አልጠይቅም።

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባንቺዓለም፣

ደብዳቤዬ ስላጠረ አትቀየሚኝ፤ የፈተና ሰሞን ነው።

ደስ የማይል ወሬ አለኝ። አባትሽ ከአማኑኤል ሰው ልከው ነበር። «ባልና ሚስት በሁለት አገር ተቀምጠው የምን ሠርግ ነው? ዝውውሩ ይስተካከልና ያን ጊዜ እናያለን» ብለዋል። አባባ መልእክተኛውን በክብር ሸኙት፤ ከሄደ በኋላ ግን እህል አልቀመሱም። የጥር ቀናችን ቀርቷል። ይህን ከእኔ ቀድመሽ ከቤትሽ ሰምተሽው እንደ ሆነ ስለ ዘገየሁ ማሪኝ።

ንግስት ሰላም ብላሻለች። መውለጃዋ ተቃርቧል። ባሏ ካለበት ግንባር ወሬ ካጣች ሦስት ወሯ ነው። ሃያ አራቱንም የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ብቻዋን ይዛለች፤ ቁጭ ብላ ነው የምታስተምረው።

አባባ ያንቺን ቃል ጠየቁኝና ተረጎምሁላቸው። «ትርፍ ማለት ሁሉ በልቶ ከጠገበ በኋላ የተሰበሰበው ነው፤ ዐሥራ ሁለት መሶብ። ገና ሰው ሳይጠግብ የሚያነሡት ግን ትርፍ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው» አሉ። ስሙን አልጠየቅኋቸውም።

ሠንጠረዡ በደንቡ መሠረት ነው የተሠራው። ደንቡን ታውቂዋለሽ።

ሣህለ ማርያም


ቁጥር፦ 1
ሞጣ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጓድ ሣህለ ማርያም ገብረ ክርስቶስ
ምክትል ዳይሬክተር
ቢቸና

ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለ መጠየቅ

ታኅሣሥ 6 ቀን በጻፉት ደብዳቤ ሠንጠረዡ በደንቡ መሠረት መሠራቱን ገልጸዋል። ደንቡን አውቀዋለሁ። አንድ የትምህርት ዓይነት ትርፍ መምህር ሲኖረው በቅጥር የመጨረሻው ይዛወራል ይላል። ጂኦግራፊን የምናስተምረው ሁለት ነበርን። የመጨረሻዋ ተቀጣሪ እኔ አልነበርሁም።

በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለ ጻፉት የእጅዎ ጽሑፍ የማይታወቅ መስሎዎት ይሆናል። ሦስት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርሜአለሁ። «አር» ሲጽፉ ጅራቱን ከመስመሩ በታች ይጎትቱታል። በ«ሰርፕለስ» ውስጥ አንድ አለ፤ እሱም ተጎትቷል። ማኅደሬ የተከፈተው መስከረም 30 ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍሁልዎ ከዚያ በኋላ መሆኑን እንዲያስተውሉ እጠይቃለሁ።

እስከዚህ ድረስ ነው እርስዎ ማለት የቻልሁት። ሣህሌ፣ የጠየቅሁህ አጥቼው አይደለም። አንተ እንድትነግረኝ ነው። ሁለት ደብዳቤ ጠበቅሁህ፤ ስለ ላቲን ጻፍህልኝ።

ግልባጭ፦ ለማንም አልተደረገም

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባንቺዓለም፣

እኔ ነኝ የሞላሁት።

ይህን አንድ መስመር ከጻፍሁ በኋላ ሦስት ቀን ቆሜአለሁ። ሌላ የምለው ሁሉ ከእሱ በኋላ ስለሚመጣ ሰበብ ይመስላል። ቢሆንም የሆነውን በሆነው ልክ ልንገርሽ።

ቅጹ የመጣው መስከረም 18 ነው። ወልደ ኪዳን «እንግሊዝኛው ያንተ ነው፤ ለዛሬ አድርስልኝ» ብሎ ሰጠኝና ስብሰባ ሄደ። አሥራ አንደኛ ክፍል አንድ ክፍል ስለ ታጠፈ ጂኦግራፊ ላይ አንድ ሰው ይበልጣል። ደንቡ ንግስትን ይላል። የንግስትን ስም ጀመርሁት። በመስኮት አየኋት፤ ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ትሄድ ነበር፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። ሠረዝሁትና አዲስ ቅጽ አወጣሁ።

እኛ ቤት እንዴት እንዳደግሁ ታውቂያለሽ። የአባባ ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ ይመጣሉ። እንግዳ በዝቶ ማዕዱ ሲጠብብ የሚነሣው የቤት ልጅ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ጎርሼ ሳልጨርስ ተነሥቻለሁ! እንግዳ ተነሥቶ የቤት ልጅ ከተቀመጠ ቤቱ ተዋረደ ማለት ነው። በዚያ ቀን ንግስት እንግዳ መሰለችኝ፤ አንቺ የቤት ሰው። ያንቺን ስም ስጽፍ የራሴን የጻፍሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ይህን ስልሽ ያምራል፤ ግን የሄድሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።

ለምን አልጠየቅሁሽም ብዬ ራሴን ስመረምር ያገኘሁት ጥሩ ነገር አይደለም። እምቢ ብትዪ ምን ላደርግ ነው? ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ፍርሃቴ እንዳይገለጥ ያደረግሁትን ደበቅሁት። መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ብዕር አነሣሁ፤ ስለ ቃሉ መጻፍ ቀለለኝ።

አባባ አያውቁም። ንግስትም አታውቅም። እንድትነግሪያቸው ወይም እንዳትነግሪያቸው አልለምንሽም።

ሣህለ ማርያም


ሞጣ፣ የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሣህለ ማርያም፣

ደብዳቤህ በጥምቀት ሰሞን ደረሰኝ። መልስ ያዘገየሁት በቁጣ ላለመጻፍ ነው፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

የእኛም ቤት እንደናንተው ቤት ነው። እኔም ከማዕድ ተነሥቼ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ዘነጋህ። እንግዳ ሲበዛ እናቴ ዝም ብላ እጄን ይዛ አታነሣኝም ነበር። በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። ሌላ ማንም አያይም። ያን ጥቅሻ ሳይ «በቃኝ» ብዬ በራሴ እነሣለሁ፤ ጓዳ ገብቼ ተርቤም ቢሆን ኩራት ይሰማኛል። እንግዳውን ያከበርሁት እኔ ነኛ! አንተ ያን ጥቅሻ ነው የነፈግኸኝ። እጄን ይዘህ አነሣኸኝ፤ ያውም ከኋላዬ መጥተህ።

«ብትጠየቂ ትሄጂ ነበር ወይ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አላውቅም። ንግስትን እወዳታለሁ። ሠርጌንም እወደው ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆንሁ የማውቅበት አንድ ቀን መጥቶልኝ ነበር፤ እሱን ቀን አንተ ኖርህልኝ።

ለንግስት አልነግራትም። ወተቷ ይደርቃል።

እስከ ፋሲካ አትጻፍልኝ። ደህና መሆንህን ጓዴ ይነግረኛል፤ እኔ ሳልጠይቀው የሚናገር ሰው ነው።

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ግንቦት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባንቺዓለም፣

ለፋሲካ ወረቀቴ ስለ መለስሽልኝ ሦስት መስመር አመሰግናለሁ። አባባ አራት ጊዜ አስነበቡኝ። እኔ ለብቻዬ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልናገርም። አዎን፣ ለአባባ ነግሬአቸዋለሁ። ምን እንዳሉ ጠይቀሻል። ሁለት ሳምንት «አንተ» ብለው አልጠሩኝም፤ ምርኩዛቸውን ሲፈልጉ ተማሪ ይጣራሉ።

አሁን የምጽፍልሽ በጥንቃቄ ነው። የንግስት ባል ቆስሎ ተመለሰ። አንድ እግሩን ቢያነክስም አለ። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ደጀን ሥራ ተሰጥቶታል፤ እሷም ሕፃኗን ይዛ ወደዚያ እንድትዛወር ተፈቅዶላታል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ሲመጣ ጂኦግራፊ ላይ የሚሞላው ዓምድ ሌላው ነው፤ «ሾርቴጅ» የሚለው፣ ጉድለት። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን መምህር በስም መጠየቅ ይችላል። ስም ካልተጻፈ ክፍለ ሀገር የፈቀደውን ይመድባል።

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰኔ 10 ደብረ ማርቆስ መድረስ አለበት። ስምሽን አልጻፍሁም። ሞጣን እንደ ወደድሽው ከደብዳቤዎችሽ አይቻለሁ፤ ልጆችሽም አሉ። መመለስ ትፈልጊያለሽ? እምቢ ካልሽም ጉዳዩ በቅጹ ላይ ያበቃል፤ በእኔና በአንቺ መካከል ስላለው ሌላ ነገር መልስ አድርጌ አልቆጥረውም።



ሣህለ ማርያም


ሞጣ፣ ሰኔ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሣህለ ማርያም፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። አንድ ቀን ሙሉ ይዤው ዋልሁ። ክፍል ገብቼ «ዛሬ የምንማረው» ብዬ ጀምሬ ምን እንደምንማር ጠፋኝ።

ሞጣን ወድጄዋለሁ፤ ትክክል አይተሃል። ከእነዚህ ልጆች መለየት ይከብደኛል። ግን አንድ ዓመት ሙሉ የሆነ ነገር በሆነ ቁጥር «ይህን ለሣህሌ» እያልሁ አስቀምጬአለሁ። አካለ ወልድ ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ከወንበር መውደቁን፣ እትዬ ይርጋነሽ ካድሬውን «አንተ ልጅ፣ አፍንጫህን ጥረግና ከዚያ አስተምረኝ» ማለታቸውን፣ ዝናብ ሲመጣ ከጮቄ በኩል ሰማዩ የሚይዘውን መልክ። በደብዳቤ አያልቅም።

ጻፈው። ስሜን ጻፈው። በትልልቁ ፊደል።

ጓዴ ነገ ጠዋት ይነሣል፤ ቢበዛ በሁለት ቀን ይደርስሃል።

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ሰኔ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባንቺዓለም፣

ከአንቺ ምንም አልደረሰኝም። ከደብረ ወርቅ ወደዚህ መንገዱ በጭቃ መዘጋቱን ሰማሁ። ስልክ ቤት ሁለት ቀን ተሰልፌ ዋልሁ፤ የሞጣ መስመር ተቆርጧል። ተናደሽም እንደ ሆነ፣ እያሰብሽም እንደ ሆነ፣ ጽፈሽ መንገድ ላይ ቀርቶም እንደ ሆነ የማውቅበት አልነበረኝም።

ትናንት ወልደ ኪዳን መልእክተኛውን በር ላይ አቁሞ ገባ።

«ይኼ ዓምድ ባዶ ነው» አለኝ።

«አዎ።»

«የምን አዎ ነው? የልጅቷን ስም ጻፈውና ይገላግልህ! ማን ይጠይቅሃል?»

«እሷ» አልሁት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ሣህለ ማርያም፣ አንተ ደህና ነህ?» አለ። ደህና ነኝ አልሁት። ባዶውን ፈረመ፤ ሄደ።

ባንቺ፣ ብጽፈው ትመለሺ ነበር ይሆናል፤ ይህን እያወቅሁ ነው። በመስከረም ሌላ ሰው ይመጣል፤ አንድ ዓመት ደግሞ በሁለት ከተማ ማለት ነው። መልስሽ እሺ ከነበረ ትልቅ ነገር አሳጥቼሻለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። እምቢ ከነበረ ደግሞ እምቢታሽ አልተነካም። ከዚህ የተሻለ መንገድ ታይቶሽ ከነበረ ንገሪኝ፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት።

ሣህለ ማርያም


ሞጣ፣ ሰኔ 23 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሣህሌ፣

አሁን ሁለታችንም አውቀናል። የእኔ ደብዳቤ ደብረ ወርቅ ላይ ከጓዴ ጋር ስምንት ቀን ጭቃ ጠበቀ። ጓዴ ያንተን ሲሰጠኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «መምህርት፣ በትከሻዬ ተሸክሜ በእግሬ ብሄድ ይሻል ነበር» አለ። ጥፋቱ የሱ አይደለም አልሁት፤ የሰኔ ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ እትዬ ይርጋነሽ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ምን ሆነሻል?»

«አልጻፈም» አልኋቸው።

«ምኑን?»

«ስሜን።»

«ወግ ነው! ይኼ ሰውዬ ሲጽፍም ያስቀይምሻል፣ ሳይጽፍም ያስቀይምሻል?»

«አላስቀየመኝም» አልሁ። ራሴን ሰምቼ እውነት መሆኑን አወቅሁ።

አዝኛለሁ፣ አልደብቅህም። ዓመት ዓመት ነው። በመስከረም ቢቸና ገብቼ ካርታዬን አየዋለሁ ብዬ ነበር። ግን አንተ ወረቀቱ ፊት ተቀምጠህ፣ መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ፣ እኔን መጠበቅህን ሳስብ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለሁ ያህል ተሰማኝ። ባለፈው መስከረም ያልነበርሁበት ክፍል ነው።

አሁን ያሰብሁትን ልንገርህ። አባቴ ዝውውሩ ይስተካከል ብሎ ነው ቀኑን ያስቀረው። ዝውውሩ የሚስተካከለው መቼ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ የሚመጣው ዓመት ጭቃ የት እንደሚይዘንም እንደዚሁ። እኔ በጥር እንጋባ እላለሁ። ከሠርጉ በኋላ ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ፤ አንተ አባባ ዘንድ ትቆያለህ፤ እሳቸውን ጥለህ ና አልልህም። በወር አንድ ቅዳሜ አንተ ከዚያ እኔ ከዚህ ተነሥተን ደብረ ወርቅ እንገናኛለን። የእኔ መንገድ ካንተ ይረዝማል፤ ለክቼዋለሁ። ሰው ይስቅብን ይሆናል። አካለ ወልድማ ካሁኑ ስም ሊያወጣልን ተዘጋጅቷል።

ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ ነው። ለአባቴ አልጻፍሁም፣ ለእናቴም አልላክሁም፣ ለጓዴም አልነገርሁም። ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሚስት የሌለችበት ቤት የምትገባው አንተ ነህና። ጊዜ ውሰድ፤ መንገዱም እስኪደርቅ ይቆያል። አንተ ሳትመልስልኝ ለማንም አልናገርም።

ምን ትላለህ?

ባንቺዓለም